የቅርጫ ባትሪ

እኛ ቤት ሶላር የገባው በቅርጫ ነው። ቅርጫ ማለት ጎረቤት ተሰባስቦ አንድ በሬ ይገዛና ያርዳል፣ ሥጋውን በመደብ በመደብ ይካፈላል፤ ከዚያ «የእገሌ መደብ ጮማ በዛበት» እየተባለ እስከሚቀጥለው ዓረፋ ሲታማ ይከርማል። እኛ አራት እህትና ወንድም ደግሞ ባትሪ ተቃረጥን። ለአንድ ሰው አንድ ባትሪ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ፣ የዚያ ዓመት መስከረም የጠባው በእኛ ጉድ ነው።

ነገሩ ሁሉ ለእማየ ተብሎ ነው። እማየ ስኳር አለባት፤ ጠዋትና ማታ ራሷን በመርፌ ትወጋለች። መድኃኒቱ ሙቀት ከቆየበት ከውሃ አይሻልም፤ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ቤታችን ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ወደ ውሃው ዳር ነው። የመብራት መስመሩ እስከ አጥራችን ደርሷል፣ መብራቱ ግን ሲሄድ መመለሻውን ለማንም አይናገርም። ስለዚህ እማየ መድኃኒቷን በማሰሮ ነበር የምታኖረው፦ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ፣ በመሃላቸው እርጥብ አሸዋ፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር። ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ናት ያሳየቻት። ይሠራላት ነበር። ይችን ያዙልኝ፤ ይሠራላት ነበር።

ማን ይስማ! ታላቅ ወንድሜ ሐይቅ ገበያ ላይ እህል ይነግዳል፣ ሰው ፊት ደረቱን መንፋት ይወዳል። ለአንዲት ጎረቤታችን ዐረብ አገር ያሉ ልጆቿ ፍሪጅ አስገቡላት የተባለ ሳምንት እቤት መጣና ማሰሮውን በእግሩ ጫፍ ነካ አድርጎ «የእኔ እናት መድኃኒት እንደ እርጎ በማሰሮ?» አለ። ጂዳ ያለችው እህቴም «እኔ በሕይወት እያለሁ!» እያለች በስልክ የድምፅ መልእክት አለቀሰች። ትንሹ ወንድማችን ባጃጅ ይነዳል፤ አንድ ቀን የባጃጁን ፊውዝ ራሱ ከቀየረ ወዲህ መሐንዲስ ነኝ ባይ ሆኗል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከእማየ ጋር የምኖረው፣ የሁሉንም ጉራ በየተራ የምሰማው እኔ ነኝ።

ፍሪጅ ይገዛ፣ ሶላር ይግባ ተባለ። ፓነሉና ኢንቨርተሩ በጋራ፣ ባትሪው ግን ለየራስ። ለምን ቢባል፣ ታላቅ ወንድሜ «የጋራ ነገር ባለቤት የለውም፣ ሰው የሚጠነቀቀው ለራሱ ነው» ብሎ ፈረደ። አራት ባትሪ መጣ፤ እያንዳንዱ አሥራ ሁለት ቮልት። አንዱ ካንዱ ተቀጥሎ አርባ ስምንት ይሆናል፣ ኢንቨርተሩም ከዚያ ወስዶ ፍሪጁን ያሠራል። ከሳሎኑ ጥግ ተደረደሩ። ታላቅ ወንድሜ ማርከር አወጣና የየባለቤቱን ስም ጻፈባቸው! መጀመሪያ የሱ፣ ቀጥሎ የእኔ፣ ከዚያ የጂዳዋ፣ መጨረሻ የትንሹ።

«ነገ ብንጣላ ሁሉም የራሱን ይዞ ይሄዳል» አለ።

ኧረ ወዲያ! ቅርጫ የሚሆነው እኮ የታረደ በሬ ነው። ቆሞ የሚሄድ በሬ ላይ እግሩ የእገሌ፣ ጎኑ የእገሊት ብለህ ብትጽፍ በሬው ያው አንድ በሬ ነው፤ አንዱ መጥቶ እግሬን ስጡኝ ቢል ሁሉም ይወድቃል። ይህን ለወንድሜ አስረድቼው ነበር። «አንቺ ነገር ታበዣለሽ» አለኝ።

ሶላሩን የሸጠልን የደሴ ሰው አንድ ሕግ ሰጥቶን ነበር። የአራቱ ድምር ከአርባ ስምንት በታች ከወረደ ፍሪጁን አጥፉ፣ አለበለዚያ ባትሪዎቹ ይሞታሉ አለን። ድምሩን የምታሳይ ደግሞ የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ ቁጥሯ በቀይ የሚበራ መለኪያ ጨመረልን። የዚች መለኪያ ነገር ምን መሰላችሁ፣ ዓይኗ እስከ መቶ ቮልት ያያል፣ ሆዷ ግን ከሠላሳ በላይ አይችልም። የምትለካበትን ሽቦ የባትሪዎቹ ሁሉ ጫፍ ላይ ቢያስሩት ግድ የላትም። ራሷ የምትበራበትን ቀለብ ግን ከአራቱ ድምር ከሰጧት ትቃጠላለች።

ሰውየው መፍትሔም ነገረን። «ቮልት የምትቀንስ ኮንቨርተር አለች። ከአራቱም ወስዳ አሥራ ሁለት አድርጋ ታበላታለች» አለ። እኔ እንውሰዳት አልኩ። ታላቅ ወንድሜ ሳቀብኝ።

«አሥራ ሁለት ቮልት ቤታችን ተደርድሮልን አሥራ ሁለት ልንገዛ? ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ!»

ትንሹም «ከአንዱ ባትሪ እናበላታለን፣ ምን አላት!» ብሎ ደገፈው። ያ አንዱ ባትሪ መጀመሪያ የተደረደረው፣ የራሱ መሆኑ ያን ሰዓት ታላቁን ትዝ አላለውም።

ለጥቂት ወራት ሰላም ሆነ። መለኪያዋ ከመጀመሪያው ባትሪ ትበላለች፣ የአራቱን ድምር ታያለች፣ ፀሐይ ሲሆን ሃምሳ ሁለት ትላለች። የእማየ መድኃኒት በብስኩት ጣሳ ተከቶ ፍሪጁ ውስጥ ተቀመጠ፤ ማሰሮዎቹ ተደፍተው ከጓሮ ተጣሉ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ታላቅ ወንድሜ ፍሪጁን ሳይሆን መለኪያዋን ያሳያል። «ሃምሳ ሁለት!» ይላል፣ ልጁ ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ይመስል። እንግዳውም ምን እንደሆነ ሳይገባው «ማሻአላህ» ይላል።

አንድ ጁምዓ ግን ትንሹ ወንድሜ ቴስተር ተውሶ መጣና ባትሪዎቹን አንድ ባንድ ለካቸው። የታላቁ ከሌሎቹ ትንሽ ዝቅ አለ። መሐንዲሳችን ዝም ማለት አይችል፣ ጮክ ብሎ ተናገረው።

«ለምንድን ነው የእኔ የቀነሰው?» አለ ታላቁ።

«መለኪያዋ ካንተ ስለምትበላ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«እና የእኔ ሲበላ የእናንተ ቁጭ ብሎ ያያል?»

ታላቁ ውሸት አልተናገረም። ቀን ከሌት ከአንዱ ላይ ብቻ ሲበላ ያ ባትሪ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ይዋል ይደር እንጂ ሁሉንም ይጎትታል። መፍትሔው ግን ያችው ኮንቨርተር ነበረች፤ ደሴ ደርሶ መመለስ ነው። አይ! መፍትሔ የሚፈልግ ማን ነው? ወንድሜ የፈለገው ፍርድ ነው። «የእኔን ሐቅ አልለቅም» አለ። የጂዳዋ በድምፅ መልእክት «በሰው አገር ላቤን አንጠፍጥፌ የገዛሁትን ማንም እንዳይነካብኝ» አለች። ትንሹ «የእኔ መጨረሻ ላይ ነው፣ ሽቦው አይደርስም» ብሎ አመለጠ። እኔ «ከእኔ ትብላና ገላግሉኝ» ብል ታላቁ «አንቺ ምን ቸግሮሽ፣ ቤቱ ያንቺ ነው፣ ብርዱን የምትጠጭው አንቺ!» አለኝ። እማየ ለምትወጋው መድኃኒት የገባ ፍሪጅ እኔ ቀዝቃዛ ውሃ የምጠጣበት ሆነ።

ሽማግሌ ይቀመጥ ተባለ። በክብሪት ቀፎ! የመሬት ወሰን የሚያካልሉ፣ የተፋቱ የሚያስታርቁ የተከበሩ ሸኽ ተጠርተው መጡ። ፋቲሓ ተቀራ፣ ጫት ቀረበ፣ ታላቅ ወንድሜ በደሉን ዘረዘረ። ሸኹ ጎንበስ ብለው መለኪያዋን አዩዋት።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ። «ይች ነገር ስንት ትበላለች?»

«ኢምንት ናት» አለ ትንሹ።

«ኢምንትም ቢሆን ሐቅ ሐቅ ነው» አሉ። ትንሽ አሰቡና «የመስኖ ውሃ የምታጠጡት በተራ አይደለም? ይችም በተራ ትብላ። በየጁምዓው ካንዱ ወደ አንዱ ትዛወር» ብለው ፈረዱ።

ሁሉም «ጀዛከላህ» አሉ። ሸኽን እቤት ጠርቶ አፍ መክፈት ነውር ነው። ውስጤ ግን እርር ድብን አለ። ባትሪ ቦይ ነው? መለኪያ ሽንኩርት ናት?

በዚያ ሁሉ ጉባኤ አንድም ሰው ያልጠየቃት እማየን ነበር። በሩ አጠገብ ተቀምጣ የተስቢሕ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች። ሸኹ ሲወጡ «አብሽሪ፣ ልጆችሽ ታርቀዋል» አሏት። «አልሐምዱሊላህ» አለች። በማግስቱ ከማንጎው ሥር አሸዋ ላይ ውሃ ስታርከፈክፍ አየኋት፤ ችግኝ የተከለች መስሎኝ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ጁምዓ ሲደርስ ተራው የእኔ ሆነ። ትንሹ የመለኪያዋን የቀለብ ሽቦዎች፣ ቀዩንም ጥቁሩንም፣ ከታላቁ ባትሪ ነቅሎ የእኔ ላይ አሰራቸው። የምታይበትን ሽቦ ጫፍ ላይ እንዳለ ተወው። መለኪያዋ በራች። ሠላሳ ዘጠኝ!

ሃምሳ ሁለት የነበረችው ሠላሳ ዘጠኝ። ታላቅ ወንድሜ ተነስቶ አጨበጨበ። «አያችሁ? አያችሁ ወይ? ለካ የተሸከምኳችሁ እኔ ነኝ! ያንቺ ባትሪ ሞቷል፣ በይ ፍሪጁን አጥፊው!»

«ወላሂ አትነኩትም!» ብዬ ፍሪጁን ተደግፌ ቆምኩ። ፍሪጁ ደኅና ይሠራል። አምፖሉ ቦግ ብሏል። ባትሪ ሲደክም እሪ የሚለው ኢንቨርተር ጭጭ ብሏል። ሦስቱም ደኅና ነን ሲሉ እነሱ አንዲት የክብሪት ቀፎ ያምናሉ። ጆሮ ሰጥተው ፍሪጁን ቢሰሙት ምን ነበረበት!

የሚቀጥለው ጁምዓ የጂዳዋ ተራ ነበር። መለኪያዋ ሃያ ስድስት አለች። ፎቶ አንስተው ላኩላትና «ባትሪሽ አሮጌ ነው» አሏት። እሷ ደግሞ ሲገዛ አብሮ የነበረውን ትንሹን «አሮጌ የገዛልኝ እሱ ነው» አለችው። እሱ ሌባ ተባልኩ ብሎ ስልኩን ዘጋባት። ታላቁ መሃል ሆኖ «እኔ ብለቅ ምን እንደሚውጣችሁ አየሁ» ይላል። አቤት መኩራራት! አንድ ባትሪ ይዞ አራቱንም የወለደ አስመሰለው።

እኔ ስፌት ላይ ተቀምጬ ቁጥሮቹን አሰብኳቸው። ሃምሳ ሁለት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ሃያ ስድስት። በተሻገረች ቁጥር አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሦስት ትቀንሳለች። ባትሪ እንዲህ በሥርዓት ተራውን ጠብቆ አይሞትም። ይህን ስነግረው ታላቅ ወንድሜ «አንቺ መርፌና ክርሽን ያዥ» አለኝ። እሺ፣ ያዝኩ። የትንሹ ተራ በሚደርስበት ጁምዓ ጠዋት ግን ሚኒባስ ተሳፍሬ ደሴ ወጣሁ። ለደንበኞቼ ጨርቅ መግዛትም ነበረብኝ፣ አክስቴ ቤት ላድር ነው። ስወጣ ለሁለቱም ወንድሞቼ ደውዬ «እስክመለስ ፍሪጁን የነካ ሰው አይየኝ» አልኳቸው።

ሶላር የሸጠልን ሰው ታሪኩን ሰምቶ እስኪያስነጥሰው ሳቀ።

«እህቴ፣ መለኪያ የምትለካው ከቆመችበት ነው» አለኝ። «ጥቁሯ ሽቦ እግሯ ናት። እግሯን ወደ ሁለተኛው ባትሪ ስታወጡት የመጀመሪያውን ከሥሯ ጥላዋለች፣ አትቆጥረውም። ሰው ደረጃ ላይ ወጥቶ የቤቱን ቁመት ቢለካና ቢያንስበት ቤቱ አጠረ ይላል?»

«የእኔ ወንድሞች ይላሉ» አልኩት።

ባትሪዎቹ ሁሉም ጤነኞች ናቸው፣ የጂዳዋም፣ የእኔም። ኮንቨርተሯን ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። በማግስቱ ስመለስ መንገዱን ሙሉ የምሰድባቸውን እያማረጥኩ ነበር፤ ሐይቅ ስደርስ አንድ ጥሩ ተዘጋጅቶልኝ ነበር።

በሩን ከፍቼ ስገባ ቤቱ ዝም ብሏል። የፍሪጁ ድምፅ የለም። እንዳይሸት ተብሎ የፍሪጁ በር ገርበብ ተደርጎ ተትቷል፣ ሥሩ ውሃ ተኝቷል። መለኪያዋ ከትንሹ ባትሪ ላይ ሆና አሥራ ሦስት ትላለች። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ አራቱም ባትሪ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ፍሪጁ ግን ባዶ ናቸው ተብሎ ከትናንት ጁምዓ ጀምሮ ጠፍቷል፣ እዚያ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር።

ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ጠፋኝ። የብስኩት ጣሳውን ስቤ አወጣሁ፤ ቀለለኝ። ከፈትኩት። ባዶ ነው። እማየ ቤት ውስጥ የለችም። ለትንሹ ደወልኩና «እማየን ገደላችኋት! መድኃኒቷን የት ጣላችሁት?» ብዬ ጮኽኩበት።

ታላቁን ጭኖ በባጃጅ እየበረረ መጣ።

«እኛ መድኃኒት አልነካንም» አለ ገና ሳይወርድ። «ፍሪጁን ብቻ ነው ያጠፋነው። ከአርባ ስምንት ከወረደ አጥፉ ተብለን የለ?»

«ለካው» አልኩት። «በቴስተርህ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ለካው።»

ለካ። ሃምሳ ሁለት። ቴስተሩን አራግፎ ደግሞ ለካ። ሃምሳ ሁለት። የደሴው ሰው ያለኝን ነገርኳቸው፤ እግሯን፣ ደረጃውን፣ ሁሉንም። ትንሹ መሬት መሬት አየ። ታላቁ አገጩን አሻሸና ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ታዲያ ስህተቱ የጀመረው በማን ተራ ነው?»

አላህ ያሳያችሁ! እናቱ መድኃኒት አጥታ ይሆናል፣ እሱ ተራ ይቆጥራል። ጣሳውን ልወረውርበት እጄን ሳነሳ እማየ ከጓሮ በር ገባች። እጇ አሸዋ ነክቶታል።

«መርፌየን ነው የምትፈልጊው?» አለችኝ። «እዚያ የለም። ሸኹ በመጡ ማግስት አውጥቸዋለሁ።»

ተከትለናት ወጣን። ከማንጎው ጥላ ሥር ትልቁ ማሰሮ፣ ውስጡ ትንሹ ማሰሮ፣ በመሃላቸው እርጥብ አሸዋ። ክዳኑን አንስታ ብልቃጡን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ቀዝቃዛ ነው። ያን ሁሉ ጁምዓ አንዱ ሲያጨበጭብ፣ አንዷ ስታለቅስ፣ እኔ ፍሪጅ ተደግፌ ስምል፣ የተጣላነው በባዶ ጣሳ ነበር።

«ለምን አልነገርሽንም?» አልኳት።

«ማን ጠየቀኝ?» አለች።

ወደ ቤት ተመለስን። ትንሹ ኀፍረቱን የሚሸሽበት ሥራ ሲፈልግ ኮንቨርተሯን ከቦርሳዬ ተቀበለኝ። አንዱን ሽቦ ከመጀመሪያው ባትሪ ማይነስ፣ አንዱን ከመጨረሻው ፕላስ አሰረ፣ ከኮንቨርተሯ በሚወጣው አሥራ ሁለት መለኪያዋን አበራት። ሃምሳ ሁለት። ፍሪጁም ተነስቶ ማጉረምረም ጀመረ። ሁሉም በአንድ አፍታ አለቀ። ለዚህ ነበር ሸኽ የጠራነው።

ታላቅ ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ሽቦዎቹን በጣቱ ተከተላቸው።

«ይችስ ከማን ነው የምትበላው?» አለ።

«ከአራቱም» አለ ትንሹ።

«እኩል?»

እማየ በሩ አጠገብ ካለው ቦታዋ ሆና ሰማችው። ተስቢሕዋን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ቁጣም የለባት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የተናገረችው።

«እኩል ነው ልጄ፣ አትጨነቅ» አለች። «ለሌላውም አታስቡ። ከፈኔን፣ የምገነዝበትን ጨርቅ፣ እኔው ገዝቸዋለሁ፤ ሣጥኔ ውስጥ ነው። በመደብ ገዝታችሁት፣ እግሯን የሸፈነው የማን ነው፣ ፊቷን የሸፈነው የማን ነው ስትባባሉ ሬሳየ እንዳይውል ብየ ነው።»

ፍሪጁ ዛሬም ይሠራል፣ መለኪያዋም ሃምሳ ሁለት ትላለች። መድኃኒቷን ግን ወደዚያ አልመለሰችውም።